መንገድ ጠሪዋ

ፊልም ላይ መኪና ሲያሳድዱ የሚያናድደኝ የሚገለበጠው የፍራፍሬ ጋሪ አይደለም። ይገልበጥ፤ የኔ አይደለም። እኔን የሚያናድደኝ ሹፌሩ ነው። ሞት አፍንጫው ሥር ቆሞ እያለ አንገቱን አዙሮ አጠገቡ የተቀመጠችውን ሴት ያያታል። ያወራታል። እሷም ትመልስለታለች፤ ጭራሽ ይሳሳቃሉ። «መንገዱን እይ፣ አንተ ጅል» እለዋለሁ ሶፋዬ ላይ ሆኜ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ እየመጣ አብሮኝ ፊልም የሚያየው ሰውዬ ግን ምንም አይልም። ሻዩን ያማስላል።

ይህ ሰውዬ ወደ ሃያ ዓመት ግድም ከጎኔ ተቀምጦ የፖሊስ መኪና ነድቷል። መሥሪያ ቤት «ዝምታው» ይሉት ነበር፤ እኔን ደግሞ «ሬዲዮ»። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣልንም። አሳዳጅ መኪና ውስጥ ሁለት ሰው ነው የሚገባው፤ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው መንገድ ይጠራል። ጠሪዋ እኔ ነበርኩ። የት እንደደረስን በሬዲዮ መገናኛው ለማዕከሉ እናገራለሁ፤ በዚያው አፌ ደግሞ ከፊት ያለውን ለሹፌሬ እጠራለታለሁ። «ቀኝ። ጠባብ ነው። ትምህርት ቤት አለ፣ ቀስ። ሁለተኛው ግራ።» ሹፌር አይመልስም። የኛ መኪና ሕግ አንዲት ነበረች፦ እኔ ካልጠራሁ አይታጠፍም፣ ከጠራሁ ደግሞ ለምን አይባልም። በዚያ ፍጥነት «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ሹፌር መልሱን የሚያገኘው ግድግዳ ውስጥ ነው።

እውነተኛው ማሳደድ እንደ ፊልሙ እንዳይመስላችሁ። አብዛኛው ገና ሳይሟሟቅ ያልቃል። አንድ ጊዜ የዳቦ መኪና ሰርቆ የሚሸሽ ሰውዬ ከመሐል ከተማ እስከ ከተማው ዳር ተከተልን፤ ቤንዚን ጨርሶ ቆመ። ሁለት እጁን አንስቶ ወረደና፣ «የነዳጅ መለኪያው እንደማይሠራ እንኳ አልጻፉበትም» ብሎ እኛኑ ወቀሰን። ያን ቀን ዝምታው ሳቀ። ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። እኔም ከሳቁ ብዛት እንባዬን እየጠረግሁ ቀና ስል፣ ይህን ሰውዬ እንደምወደው ያን ጊዜ አወቅኩት። ከፊታችን የቆመው መኪና በሩ ተከፍቶ መንገዱ ሁሉ ትኩስ ዳቦ ይሸት ነበር።

ምን ዋጋ አለው። ባለትዳር ነው፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። ሚስቱ ስትሞት ደግሞ ሐዘኑ ይብረድለት አልኩ። ሐዘኑ በረደ፣ ጡረታ ወጣን፣ የቅዳሜው ፊልም ተጀመረ፤ እኔ አሁንም ዝም። ታናሽ እህቴ፣ «ለከተማው ሁሉ ስትለፈልፊ ኖረሽ ለአንድ ሰው መናገር ያቅትሽ?» እያለች ታበሽቀኛለች። እውነቷን ነው። ግን እኔም የምጠብቀው ነገር ነበረኝ። ያ ሁሉ ዘመን ያለፈው የፊቱን አንድ ጎን በማየት ነው፤ ጆሮውን፣ ጉንጩን፣ አገጩ ላይ ያለችውን ጠባሳ ከራሴ መልክ አብልጬ አውቃቸዋለሁ። ዓይኑ ግን የመንገዱ ነበር። ሶፋ ላይ ደግሞ የቴሌቪዥኑ ሆነ። አንድ ቀን ዞር ብሎ ያየኛል፣ እሱው ራሱ ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። ናፍቆት ለሄደ ሰው ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ እኔን የናፈቀኝ አጠገቤ ተቀምጦ ሻይ የሚያማስል ሰው ነው።

አንድ ቅዳሜ ፊልሙ ሳያልቅ፣ «ልጄ ልትወስደኝ ነው» አለ።

«ወዴት?»

«እሷ ጋ። ክፍል አዘጋጅታልኛለች።»

የልጁ ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ነው። «መቼ?» አልኩት።

«የነገ ሳምንት፣ እሁድ።»

«ጥሩ ነው» አልኩ። «ለብቻ መኖር ይከብዳል።» ይህን ከምል ምላሴ ቢቆረጥ ይሻለኝ ነበር። እሱ ጥቂት ጠበቀኝ። ከዚያ ቀሪውን ሻይ ጠጣና ብርጭቆውን እንደ ወትሮው ወጥ ቤት ወስዶ አጠበው።

በዚያው ሳምንት ነው ፊልም ሠሪው የመጣብን። አንገቱ ላይ የጆሮ ማዳመጫ ያንጠለጠለ ልጅ እግር ሰው ነው። የቀጠራቸው ሹፌሮች ጎበዞች ናቸው፣ ችግሩ የሚያሳድዱ አይመስሉም፤ ራሳቸው የሚሸሹ ነው የሚመስሉት አለን። የቀድሞ መሥሪያ ቤታችን «እውነተኛ ከፈለግህ እነሱ አሉልህ» ብሎ ልኮት ነው። ፊታችን አይታይም፤ የተዋናዮቹ ፊት ለብቻ ይቀረጻል፣ እኛ በኋላ መስታወት ጭንቅላታችን ብቻ ይታያል።

«ተዋናይቷ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፣ እትዬ» አለ እያፈረ።

«ከኋላ ከሆነ እኔም ሃያ አምስት ነኝ» አልኩት።

ዝምታው እምቢ የሚል መስሎኝ ነበር። «እሷ ከጠራች እነዳለሁ» ብቻ አለ።

ሐሙስ ጠዋት ጎዳናዎቹ በብርቱካንማ ኮኖች ተዘግተው ጠበቁን። ለኔ ረጅም ፀጉር ተቀጠለልኝ። ለሱ ጥቁር ዊግ አመጡለት፤ መላጣው ላይ ድመት የተኛችበት መሰለ። ፊልም ሠሪው መንገዱን ሁሉ በእግራችን አስኬደን። በሱቆቹ መካከል ቀጥታ፣ አደባባዩን ዞሮ፣ ባንኩ ጋ ሲደርሱ ቀኝ፣ ከዚያ በገበያው ጀርባ ዞሮ ወደ መነሻው። «ቀኝ ነው፣ እትዬ፣ አደራ። በግራ በኩል መንገዱ አልተዘጋም፣ ሰው አለበት።»

መኪናው ውስጥ ገባን። ቀበቶዬን ሳስር፣ እሱም ስፖኪዮውን በሁለት ጣቱ ሲያስተካክል፣ መካከል ላይ ምንም ዓመት ያለፈ አልመሰለኝም። እጁ ላይ ጠቃጠቆ ወጥቷል፤ ማርሹን ሲቀይር ግን ዛሬም አይሰማም። ሞተሩ ሲነሳ የኔም ድምፅ፣ ያ የድሮው፣ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ መጣ። የምናሳድደው ቀይ መኪና ከፊታችን ተፈተለከ። እጠራለታለሁ፣ ይነዳልኛል። ሁለት ጊዜ ዞርን፤ ፊልም ሠሪው በደስታ የሚሆነውን አጣ።

ሦስተኛው ላይ በሬዲዮው፣ «ይቺ የመጨረሻችን ናት፣ አመሰግናለሁ» አለ።

የመጨረሻችን። ቀዩ መኪና ተነሳ፣ እኛም ተነሳን። «ቀጥታ። አደባባይ፣ ቀኝህን ይዘህ ዙረው። ቀጥታ» አልኩ። ባንኩ እየቀረበ መጣ። ቀኙን ብጠራ ገበያው ነው፣ ከገበያው በኋላ መነሻው ነው፣ ከመነሻው በኋላ እሁድ ነው።

«ግራ» አልኩ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። እኔ አወቅኩት፤ ገና አፌ ውስጥ እያለ አወቅኩትና አልመለስኩትም። እሱም መንገዱ በቀኝ መሆኑን ያውቃል። ሁለት ጊዜ ነድቶበታል፣ በእግሩም ረግጦታል፤ ቀዩ መኪና ዓይኑ እያየ ወደ ቀኝ ታጥፏል። ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ፍሬቻ አበራ፣ በኮኖቹ መካከል አንድም ሳይነካ ሾልኮ ወደ ግራ ታጠፈ። መንገዱን የሚጠብቀው የፊልሙ ልጅ ባንዲራውን እንዳንጠለጠለ ቀረ።

«እትዬ፣ ቀኝ ነው እኮ ያልኩት» አለ ሬዲዮው። ድምፁን ቀነስኩት። በስፖኪዮ ሳይ፣ ካሜራ የጫነው መኪና የፊልሙ አካል መስሎት ይከተለናል፤ ከሱ ኋላ ደግሞ ቀዩ መኪና ዞሮ ይመጣል። ሌባ ስናሳድድ ኖረን፣ ዕድሜ ሰጥቶን ሌባ ፖሊስን ሲያሳድድም ለማየት በቃን። ቀይ መብራት ያዘንና ሁላችንም በሰልፍ፣ ሥርዓት ይዘን ቆምን።

እኔ መጥራቴን አላቆምኩም። «አረንጓዴ። ቀጥታ። ፋርማሲው ጋ ቀኝ። ጉድጓድ አለ፣ በግራ እለፈው።» ድምፄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በዚያ ሁሉ ዘመን፣ ተኩስ በነበረበት ቀን እንኳ፣ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። የምጠራለት የቤቴን መንገድ ነበር። «ሁለተኛው ግራ። አጥሩን ጨርሰህ ቁም።»

ደጄ ላይ ቆመ። እጁ መሪው ላይ ነው፤ ዊጉ ወደ አንድ ጆሮው ዘንበል ብሏል።

«ይህን መንገድ አውቀዋለሁ» አለ።

«ካወቅህ ለምን መጣህ?»

«ጠራሽዋ።»

«ባልጠራውስ?»

 መኪና ውስጥ ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «ሬዲዮ፣ እኔ መቼ ነው አንቺ ሳትጠሪ ታጥፌ የማውቀው? ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ስጠብቅሽ ነበር። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ዛሬ ትጠራዋለች እላለሁ፤ አንቺ ፊልሙን ስትሳደቢ ይመሻል።»

መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። እኔ እሱ እስኪናገር፣ እሱ እኔ እስክጠራ፤ ሁለት ሕግ አክባሪዎች። በሁለታችንም ተናደድኩ፣ ይበልጥ በራሴ። ከዚያ ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ «አትሂድ» አልኩት።

«ለልጄ ቃል ገብቻለሁ» አለ። «ባሏ ርቆ ነው የሚሠራው። እሷ ሥራ ስትገባ ልጆቹን የሚይዝላት የለም። ቤቱንም አስረክቤያለሁ።»

ይህን ብሎ ዞረና አየኝ። ግራ ዓይኑ ከቀኙ ትንሽ ጠበብ እንደሚል አላውቅም ነበር።   እናት ልጆቿን ትታ ሥራ መዋል እንዴት እንደሆነ ከመሥሪያ ቤታችን ሴቶች ሰምቼዋለሁ፤ ቃልህን አፍርስ ብዬ ያቺን ልጅ ልከዳት አልችልም። ፊልም ሠሪው ላብ አጥምቆት መስኮቱን አንኳኳና፣ «ጋሼ፣ ደህና ናችሁ?» አለ። ዝምታው መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ዊጉን አቀበለው።

እሁድ ልሸኘው አልሄድኩም። ቆሜ መኪና ሲሄድ ማየት ለኔ አይሆንልኝም፤ ሥራዬ መከተል ነበር። ቤቴ ተቀምጬ ቴሌቪዥኑን ሳላበራ ሳፈጥበት ስልኬ ጮኸ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ከከተማ ወጣን» አለ ዝምታው። «ማደያውን ስታልፊ ቀኝ።»

ልጁ እየነዳች፣ «አባዬ፣ ከማን ጋር ነው?» ስትል ይሰማኛል።

«መንገድ እየነገርኩ ነው።»

«ለማን?»

«ለምትመጣ ሰው» አለና ወደኔ ተመለሰ። «ቀጥታ። ረጅም ነው፣ አትሰልቺ። አሁን ድልድይ፤ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው፣ ቀስ። ድልድዩን ስትሻገሪ ግራ። ቀኙ ወደ ድንጋይ ማውጫው ነው፣ እንዳትሳሳቺ።»

ጠራሩ አያምርም። ያዘገያል፣ አንዳንዱንም ካለፈው በኋላ ነው የሚናገረው። ላርመው አፌን ከፈትኩ። የሥራ ክልላችን ግን እዚያ ድልድይ ላይ ያበቃ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አገር አላውቀውም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩና ዝም ብዬ ተከተልኩት።