ከአመክሮ መልስ

የዐይን ሐኪሟ በአርባ አራት ዓመቷ የክሊኒኳን ቁልፍ አስረክባ ካቶሊክ ገዳም ገባች። መዓት ወርዶባት አልነበረም። አንድ ጊዜ ለዕረፍት ብላ በዚያ ገዳም የእንግዳ ማረፊያ ሳምንት ሰንብታ፣ በዝምታው ውስጥ ጸሎቷን የሚሰማት ያለ መሰላት፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ሥራዋ ብትመለስም ልቧ እዚያው ቀረ።

ሃያ ዓመት አብራት የሠራችው ነርስ ነጭ ጋዎኗን እያጠፈችላት፣ «እንግዲህ ዶክተር፣ ሁለታችንም ሲስተር ልንባል ነው» ብላ ልታስቃት ሞከረች። ተያይዘው አለቀሱ።

ታላቅ ወንድሟ መካኒክ ነው። «ሞተሩ ደህና የሆነ መኪና መንገድ ላይ ጥሎ የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም» አላት።

«ጋሼ፣ የደከመው ሞተሩ አይደለም እኮ።»

«እናታችንንስ ለማን ትተሻት ነው?»

ሻንጣዋን አነሣች። ሄደች።

የመጀመሪያው ዓመት ጣፈጣት። በሁለተኛው ግን የሚሰማት የነበረው ጠፋ፤ ተንበርክካ ብትውልም የምታናግረው ግድግዳውን ሆነ። ይመለሳል እያለች ጠበቀች። በአራተኛው ዓመት እናቷ ሞተች። እመምኔቷ «ደንቡ ባይፈቅድም እኔ እፈቅድልሻለሁ፣ ሂጂና ቅበሪ» ቢሏት፣ «መሥዋዕቴ ይሁን» ብላ ቀረች።

በአምስተኛው ዓመት፣ አመክሮዋን ጨርሳ የዘለዓለም ቃል ኪዳን ልትገባ ሦስት ሳምንት ሲቀራት፣ እመምኔቷ አስጠሯት።

«ልጄ፣ እኔና እህቶችሽ መክረንበታል። ልናስቀርሽ አንችልም።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ግን ከቀን ወደ ቀን እየከሰምሽ ነው። እያየን ዝም ማለት ኃጢአት ሆነብን።»

«መሄጃ የለኝም እኮ።»

አሮጊቷ እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ወንድሟ መጥቶ ወሰዳት። ሚስቱ ልብስ የሚተኮስበትን ክፍል አጽድታ አልጋ ዘርግታላት ነበር። በሳምንቱ፣ ራት ላይ፣ የእናታቸውን ነገር ራሷ ለወንድሟ አነሳችለት።

«እማዬ ጠርታኝ ነበር?»

ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ። «ልዋሽሽ?»

«አትዋሸኝ።»

«ያቺ ነርስሽ እየመጣች ታስታምማት ነበር። መጨረሻ ላይ አንቺ መሰለቻት። ‹መጣሽልኝ› ብላ እጇን እንደያዘች ነው ያለፈችው።»

ከማዕድ ተነሥታ ክፍሏ ገባች። እንባ እንኳ አልመጣላትም።

የሙያ ፈቃዷ ጊዜው አልፎበታል። ለማሳደስ ፈተና አለው፤ መጻሕፍቱን ገልጣ፣ አንዲት ገጽ ሳታነብ ከደነቻቸው። አሁን መነጽር ቤት ተቀጥራ ደንበኞችን ፊደል ታስነብባለች፤ «ይሄኛው ይሻላል ወይስ ያኛው?» ስትል ትውላለች። በምሳ ሰዓት አጠገቧ ያለው ቤተ ክርስቲያን ገብታ ከኋላ ትቀመጣለች።

ወንድሟ ይህን ሰምቶ ደስ አለው። «መጸለዩን አልተውሽማ» አላት።

«አይ ጋሼ» አለች። «እግሬ ለምዶ ነው።»