ሳሩ ይቅደም

ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠጣው ሳሩ ነበር። ከሳሩ ቀጥሎ ሮቶው ይሞላል፤ ከሮቶው ከተረፈ ጀሪካኑ። ብርሃነሽ ይህን ነገር ዓመታት ሙሉ ጉሮሮዋ ላይ እንደተሰካ አጥንት ይዛው ኖራለች። ሐይቁ አፍንጫቸው ሥር ተኝቶ፣ ቧንቧው በሳምንት አንዴ ብቅ ብሎ ሳሩን አርክቶ ሲሄድ፣ እሷ ጀሪካን አዝላ ውሃ ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር ትዞራለች። ቀኝ ትከሻዋ ዛሬ ነጠላ ለማጣፋት እንኳ በቅጡ አይነሳም።

አሁን የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን እዚያው ሳር ላይ እየተከሉ ነው። አንዱ ጎረምሳ ካስማውን በመዶሻ ሲወግረው፣ ብርሃነሽ በሩ ላይ ቆማ «ቀስ በል፣ ማርቆስ እንዳያይህ» ልትል አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ባሏ ማርቆስ ሳሎን ውስጥ ተገንዞ ተኝቷል።

ከቀብር ሲመለሱ ድንኳኑ ሞላ። መዝሙሩ ጋብ ሲል ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ሲያንሾካሹኩ ሰማች።

«ሳሩ እንዴት ያምራል ባክሽ።»

«ለምን አያምር፣ የሰውን ውሃ ጠጥቶ።»

ጎረቤቷ ዕፀገነት ዞር ብላ ገላመጠቻቸው። ብርሃነሽ ክንዷን ያዝ አደረገቻት። «ተያቸው። እውነታቸውን ነው።»

ማርቆስ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል አትክልተኛ ነበር። የሆቴሉን ሳር ያለማው እሱ ነው፤ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሡት እዚያ ላይ ነበር። ኋላ የውሃው ወጪ ሲከብድ፣ ሳሩ ይነሣና ቀይ ጠጠር ይፍሰስበት፣ ሬትና ቁልቋል ይተከል ተባለ። ንቀለው የተባለው ራሱ ማርቆስ ነው። ነቀለው። የተባለውን ሁሉ ተከለ። የነቀለ ዕለት ማታ ጆንያ ተሸክሞ ገባ። ብርሃነሽ ድንች መስሏት ድስት አነሣች። ጆንያው ሲፈታ ከነአፈሩ የተጠቀለለ ሳር ወጣ።

«ይሄ ይበላል?» አለችው።

«ሳልነቅለው በፊት ሳጠጣው ነው ያደርኩት» አላት፤ ያልጠየቀችውን ነበር የሚመልሰው። «ደረቁን ከነቀልሽው ሥሩ ይበጠሳል። ጠጥቶ ሲጠግብ ነው ሳይታመም የሚወጣው።»

«ሳር ደግሞ ይታመማል?»

«እዚያ አስነቀሉኝ። እዚህ ግን ማንም አያስነቅለኝም» አለ።

አንድ ጊዜ ለሠርግ ሆቴሉ ሄዳ፣ ሬቱ በጠጠሩ መሃል ቀይ አበባ አውጥቶ አየችው። ቤት ስትመለስ «የተከልከው ያምራል እኮ፣ ውሃም አይለምን» አለችው። ራቱን ሳይነካ ተኛ። ከዚያ ወዲህ ከወጥ ቤቱ ጀርባ በተቆረጠ ጀሪካን የሬት ችግኝ ማፍላት ጀመረች። እሱ እያየ። «ሳርህን አንድ ቀን እነቅለዋለሁ» ትለዋለች። «መጀመሪያ እኔን ቅበሪ» ይላታል።

በቀብሩ ማግሥት ከሶዶ የመጣው ታናሽ ወንድሙ ምንያህል ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

«እትዬ፣ ሳሩን አደራ። የወንድሜ እጅ ያረፈበት ነው።»

«አጠጪው ነው የምትለኝ?»

«መታሰቢያው ነው ማለቴ ነው።»

«አንተ ከሶዶ ጀሪካን ተሸክመህ ትመጣለህ?»

«እትዬ፣ ሰው እየሰማ።»

«ይስማ። ትከሻዬን ያውቁታል።»

ምንያህል አቀረቀረ። ዕፀገነት ጉልበቷን ነካ አድርጋ «ዛሬ እንኳ ተይው» አለቻት።

«መች ነካሁት» አለች ብርሃነሽ። ድምጿ ተሰበረ። ለቀስተኛው ምንያህል ያስለቀሳት መሰለው።

ማርቆስ ታሞ መቆም ሲያቅተው አልጋውን መስኮቱ ሥር አስጠጉለት። እሷ ጎማ ይዛ ስታጠጣ ከውስጥ ይቆጣጠራል። «ጥጉ ቀረ» ይላል። «ጥጉን ራስህ ና አጠጣ» ትለውና ታጠጣዋለች። አንድ ጠዋት ቧንቧው አየር እየተፋ ማንኮራፋት ጀመረ። ጎማውን ይዛ ወደ ሳሩ ስትሄድ በመስኮቱ ጠራት።

«ብርሃኔ፣ ዛሬ ሮቶው ይቅደም።»

ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀችው ቃል ነበር። ጎማውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሐኪሙ ያልነገራትን ያን ጊዜ አወቀችው።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ተነሣ። ሳሩ ተረጋግጦ ገርጥቷል፤ ካስማዎቹ የነበሩበት ቀዳዳ ቀርቷል። የዕድሩ ሰዎች እንደወጡ ብርሃነሽ ዶማ ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ ምን ልታደርጊ ነው?» አለ ምንያህል።

«ለወንድምህ የነገርኩትን።»

አንዴ መታችው። መሬቱ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ጎንበስ ብላ ስትስበው ቅጠሉ እጇ ላይ ተበጥሶ መጣ፤ ሥሩ እዚያው ቀረ። የተበጠሰውን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ዶማውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ምንያህል ተጸጽታ የተወችው መሰለው።

ከሰዓት በኋላ ቧንቧው አንኮራፋ። ልጇ ሐዳሳ ከውስጥ ሮጣ ወጣች።

«እማዬ፣ ጎማውን አምጪው፤ ሮቶው ባዶ ነው። ለቀስተኛው ጨርሶታል።»

«ሳሩ ይቅደም» አለች ብርሃነሽ።

ከአጥሩ ጀምራ እስከ ደጃፉ አጠጣችው። መሬቱ እስኪጠግብ፣ ካስማው የተወው ቀዳዳ ሁሉ እስኪሞላ። ስትጨርስ ጎማውን እንደያዘች ወደ መስኮቱ ቀና አለች። ጠበቀች። ማንም ምንም አላላትም።

ተመልሳ ጥጉን አጠጣችው።

ጎማውን ለሐዳሳ ሰጠቻትና «በይ አሁን ሮቶሽን ሙዪ» አለቻት። ወደ ምንያህል ዞረች። «ጆንያ ፈልግ። እናንተ ጋ ዝናብ አለ።»

ከዚያ እርጥቡ ሳር ላይ ተንበረከከች። በደህናው እጇ ከሥሩ ይዛ ቀስ ብላ ሳበችው። ከነአፈሩ፣ ሳይበጠስ ወጣላት።