ስድስት ጭነት ጓሳ

ጣሪያዬን ያፈረስኩት ራሴ ነኝ። ጦርነቱ በኅዳር በሰፈራችን ሲያልፍ በግ ወሰደ፣ ድስት ወሰደ፤ ጣሪያዬን ግን አልነካውም። በጥር ልጄ እፀገነት ከደብረ ብርሃን ደወለችና «እማዬ፣ ለፋሲካ ቆርቆሮ ይዤ እመጣለሁ፤ አናጢ ያዢ» አለችኝ። ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ኮሌታ ብቻ። እጅጌውን የሚሰፋው ሌላ ሰው ነው።

እኔም አናጢ ያዝኩ። ከሟቹ ባሌ ጋር ጎጆ ስንወጣ የከደንነውን የጓሳ ሣር አወረድኩት። ጥላሸት ጠጥቶ ጠቁሯል እንጂ ገና ውኃ አያስገባም ነበር። ከበጎቹ ሥር ጎዘጎዝኩት። አናጢው ማገሩን ነቅሎ ለቆርቆሮ እንዲሆን አራርቆ መታው። ጎረቤት «ቆርቆሮው ሳይመጣ?» ቢለኝ «ልጄ ቃሏን አታጥፍም» አልኩ። እውነቴን ነው፤ እሷ ቃሏን አላጠፈችም።

በሆሳዕና ሳምንት መጣች። ቆርቆሮ የለም። በማዳበሪያ የታሰረ ልብስና አንድ ፌስታል ብቻ ነው ይዛ የወረደችው።

«ፋብሪካው ተዘጋ» አለችኝ።

«ማን ዘጋው?»

«አሜሪካኖች ናቸው። በጦርነቱ ምክንያት ማዕቀብ ጣሉ። ሸሚዛችን ያለ ቀረጥ ነበር የሚገባላቸው፤ አሁን ቀረጥ ክፈሉ አሉ። ባለቤቱ አያዋጣኝም ብሎ ማሽኑን ጭኖ ሄደ።»

«እኔ ነኝ የተዋጋሁት?»

«አይደለሽም።»

«አንቺስ?»

«እማዬ፣ አትጨቅጭቂኝ። ደክሞኛል።»

ማዳበሪያዋን ተቀብዬ ወደ ውስጥ አስገባሁላት።

ከፋሲካ በኋላ ራቤል ገበያ ወጣሁ። ሽኩር ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል፤ አባቱንም አውቃቸው ነበር። ገና ሲያየኝ ሳቀ።

«እትዬ ወሰኔ፣ ባለፈው ሳምንት ብትመጪ ርካሽ ነበር። በሚመጣው ሳምንት ከመጣሽ ደግሞ ዛሬ ርካሽ እንደነበር እነግርሻለሁ።»

«ምን ሆኖ ነው?»

«ዶላር የለም። ዶላር ከሌለ ቆርቆሮው የሚሠራበት ብረት አይገባም።»

«እኔ ዶላር አልጠየቅኩህ፤ ቆርቆሮ ነው የጠየቅኩህ።»

«እኔም ለአከፋፋዩ እንዲሁ ነው ያልኩት፤ እሱ ግን አልሳቀም።»

የሱቁ ጥግ ባዶ ነው። ድሮ ቆርቆሮ ተደርድሮ የቆመበት ቦታ ላይ ሽኩር የራሱን ወንበር አኑሯል። ዋጋውን ነገረኝ። በጎቼን ሁሉ ብሸጥ የጣሪያዬን አንድ ጥግ አይከድንም። እግዜር ይስጥህ ብዬው ወጣሁ።

የቀረው ጓሳ ነው። የኛ ጓሳ ያለው ጭላዳ አፋፍ ላይ ነው፤ አያቶቻችን በሠሩት ደንብ አምስት ዓመት ይዘጋል፣ ከዚያ ይከፈታል፣ ሁሉም እንደ ቤተሰቡ ያጭዳል። ለክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት የሚሆነን እሱ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከብታችንን ያተረፈልን ይኸው ሣር ነው፤ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። የዘጋነው ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ የሚከፈተው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የካቲት ኪዳነ ምሕረት። ይዘጋ ተብሎ እጅ ሲወጣ የኔ እጅ ከፊት ነበር። አምና ጎረቤቴ አዛለች ለታመመ ጥጃዋ አንድ እቅፍ አጭዳ ስትገባ ያየኋት እኔ፣ ሽማግሌ ፊት የመሰከርኩባትም እኔ ነኝ። አንድ ጠቦት ተቀጣች። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ከአንገት በላይ ነው።

ስለዚህ ጓሳ ለኔ የለም ብዬ ተውኩት። እፀገነትና እኔ ማገሩን በማዳበሪያ ሸፍነን በክፍተቱ ሰማይ እያየን እንተኛ ጀመር።

ግንቦት አጋማሽ ላይ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራን። ሊቀመንበራችን ሰለሞን የእፀገነት እኩያ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ወረቀት ሲይዝ ግን ድምፁ ይለወጣል። «ማዕቀቡ ሊያንበረክከን የታሰበ ነው። እኛ ግን ወገባችንን ታጥቀን…» እያለ ብዙ ተናገረ። ሲጨርስ ጥያቄ ያለው አለ። ተነሣሁ።

«ልጄ ሰለሞን፣ እኔስ አልንበረከክም፤ ጉልበቴን ያመኛል። ግን ሰኔ ሊገባ ነው፣ ጣሪያ የለኝም። ይኼ ማዕቀብ ዝናቡንስ ያስቀርልናል?»

ሰው ሳቀ። እሱም ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ስብሰባው ሲበተን ግን ቢሮው አስጠራኝ።

«እትዬ ወሰኔ፣ በሰው ፊት እንዲህ አይባልም።»

«ታዲያ ከኋላ ልማህ?»

«ምን ላድርግልሽ?»

«ቆርቆሮ።»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ጓሳ ስጠኝ።»

ለነገር ብዬ ነው ያልኩት። ጓሳውን የሚዘጋውም የሚከፍተውም ሽማግሌ እንጂ ቀበሌ እንዳልሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። እሱ ግን መሳቢያውን ከፈተና የተጻፈ ወረቀት አወጣ፤ ስሜን ሞላበት። «በጦርነቱና በማዕቀቡ ምክንያት በልዩ ሁኔታ ጓሳ እንድታጭድ ተፈቅዷል» ይላል። ማህተም መታበት። መሳቢያው ውስጥ ሌሎች ወረቀቶች ነበሩ፤ ጽሕፈታቸው እንደኔው፣ የስሙ ቦታ ክፍት። አይቻቸዋለሁ። እንዳላየ ሆኜ ወረቀቴን አጥፌ መቀነቴ ውስጥ ከተትኩ።

ዓርብ ሁለት አህያ ተውሼ፣ ከራሴ አህያ ጋር ሦስት አድርጌ፣ ከእፀገነት ጋር ወጣን። ጋሽ ገሠሠ፣ የጓሳው ጠባቂ፣ ከደንጊያ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ወረቀቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ለልጄ ሰጧት።

«አንብቢልኝ።»

አነበበችላቸው።

«ማዕቀቡ እስከ መቼ ነው ይላል?»

«አይልም፣ አባባ።»

«ቀን የለውም?»

«የለውም። ሲፈልጉ ነው የሚያነሡት።»

«የኛ እንኳ ቀን አለው» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ «ከማህተም ጋር አልታገልም፣ ወሰኔ። እጨጂ። ስንት ጭነት እንደሆነ ግን እቆጥራለሁ።»

አጨድን። አላፈርኩም ልበል፤ ጠዋት ላይ አላፈርኩም። ሣሩ ጉልበቴን አልፏል፣ እጄም እንደ ልጅነቴ ፈጠነልኝ። እፀገነት ማጭድ ይዛ አታውቅም ብል ይቀላል፤ ጣቷን ሁለት ጊዜ ቆረጠች። ሦስቱን ጭነት አድርሰን ተመለስን። ሁለተኛውን ዙር ስንጭን አዛለች በጀሪካን ውኃ ተሸክማ በዚያ ስታልፍ አየችን። ጀሪካኑን አወረደች።

«ወሰኔ! ጥጃዬ አንድ እቅፍ ቢበላ አገር ፈረሰ ብለሽ የጮኽሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ወረቀት አለኝ።»

«ወይ ጥጃዬ! ወረቀት ሳይዝ መታመሙ!»

«አዛለች፣ ከሆሳዕና ጀምሮ ሰማይ እያየሁ ነው የምተኛው።»

«አውቃለሁ።» ድምጿ ወረደ። «እጨጂ፣ ምን ታደርጊ። እኔም ሰኞ እመጣለሁ። ሰለሞን ለፈለገ ሁሉ እጽፋለሁ ብሏል።»

ጀሪካኗን አዝላ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያመጣነው ስድስት ጭነት የጣሪያውን አንዱን ጎን ከደነ። ማገሩን መልሰን አጠጋግተን፣ እስከ እኩለ ሌሊት በፋኖስ እኔ ከላይ እሷ ከታች ሆነን አሰርነው። ሌላው ጎን ሌላ ስድስት ጭነት ይፈልጋል።

ቅዳሜ ሰንበት ነው፣ ማጭድ አይነሣም። ከሰዓት በረት ስጠርግ ግን ከአዛለች ግቢ ማጭድ በደንጊያ ሲሳል ሰማሁ። መሳል ሥራ አይደለም ብላ ይሆናል። ጥቂት ቆይቶ ከወዲያኛው ቤት ተሰማ። ቀጥሎ ከወንዙ ማዶ። እፀገነት ቆጠረች።

«ዘጠኝ ቤት» አለችኝ። «ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ቀድመናቸው እንውጣ።»

«አንወጣም።»

«ግማሽ ጣሪያ ይዘን ክረምት ልንገባ?»

«ሰኞ ዘጠኝ ቤት ከወጣ ማክሰኞ ሠላሳ ቤት ነው። ሐሙስ ላይ ጭላዳ አፋፍ እንደ መዳፌ ይላጣል።»

«እኛ ብንቀር ይቀራሉ?»

«አይቀሩም።»

«ታዲያ ምን ለውጥ አለው፣ እማዬ? አሜሪካኖቹም እኮ እኔ ኮሌታ መስፋት ባቆም ጦርነቱ ይቆማል ብለው ነው የዘጉብኝ!»

ወጥቼ በጎቼን ቆጠርኩ። ሰባት ናቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሰንበቴ ቤቱ ደጃፍ ይቀመጣሉ፤ የጓሳም የድንበርም ነገር እዚያ ነው የሚታየው። ሰባቱንም በግ ነድቼ ሄድኩ። ሰው አየኝና መንገድ ለቀቀልኝ። ሰለሞንም ነበረ፤ ነጠላውን አጣፍቶ ከጥግ ቆሟል።

«ምንድን ነው ይኼ ሁሉ በግ?» አሉ ጋሽ ገሠሠ።

«ዓርብ በተዘጋ ጓሳ ገብቼ ስድስት ጭነት አጭጃለሁ። ቅጡኝ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ «ወረቀት ነበራት አላችሁኝ እኮ።»

«ነበራት» አለ ሰለሞን ወደፊት መጥቶ። «ቀበሌ በልዩ ሁኔታ ፈቅዶላታል። በሕጋዊ መንገድ ያጨደ ሰው አይቀጣም። እትዬ ወሰኔ፣ በጎችሽን ይዘሽ ግቢ።»

«አልገባም።»

«ይኼ እኮ ፖለቲካ ነው እየሆነ ያለው!»

«ሣር ነው ልጄ። ያጨድኩት ሣር ነው።» ከመቀነቴ ወረቀቱን አውጥቼ ዘረጋሁለት። «ያንተን እንካ። ጥሩ ጽፈሃል፤ ጥፋት የለብህም። ጓሳውን የዘጋሁት ግን እጄን አውጥቼ ነው፤ እጄን አውጥቼ አልከፈትኩትም። እነዚያ ማዕቀብ የጣሉብን ጠይቀውንም አይደለም። ይኼን ደንብ ለራሳችን ያበጀነው እኛ ነን፤ ዛሬ እኔን ዝም ካላችሁ ነገ ማንን ትቀጣላችሁ? ማጭዱ ትላንት ሲሳል አልሰማችሁም?»

አልተቀበለኝም፤ ወረቀቱ በእጄ ቀረ። አንዳንዱ መሬት መሬት ያያል። ሽማግሌዎቹ ፈርተዋል፤ ሰለሞንን ቢያስቀይሙ ለልጆቻቸው የማዳበሪያ ኮታ አለ፣ የመታወቂያ ነገር አለ። ጋሽ ገሠሠ ብቻ፣ «ስድስት ጭነት መሆኑን ቆጥሬያለሁ። አንድ ጭነት አንድ በግ ነው ደንቡ» አሉ።

«ስድስት በግ ከዚች ሴት?» አሉ ሌላው። «ባሏ የሞተባት፣ ልጇ ሥራ የፈታችባት… ይቅር እንበላትና እንገላገል።»

«ይቅርታ አልጠየቅኩም።»

ያኔ አዛለች ከሴቶቹ መካከል ወጣች። አሁን ታዋርደኛለች አልኩ በልቤ።

«እኔ በአንድ እቅፍ አንድ ጠቦት ሰጥቻለሁ» አለች። «ይቅር የሚባል ከሆነ ጠቦቴን መልሱልኝ። ጠቦቴ ደግሞ ተበልቷል። ስለዚህ ትቀጣ። ሦስት በግ ይበቃታል፤ ከዚያ በላይ ከወሰዳችሁባት ክረምቱን እኛው ልንቀልባት ነው፣ አፏን ታውቁታላችሁ።»

የሳቀ ሰው ነበረ። ሽማግሌዎቹም በዚያው ሳቅ መካከል «ሦስት ይሁን» ብለው ጨረሱ፤ ለጠባቂዎቹ ቀለብ። ሰለሞን ነጠላውን አስተካክሎ ሄደ።

ሦስቱን ጋሽ ገሠሠ ራሳቸው መርጠው ለዩ። ሁለቱ እርጉዝ ነበሩ፤ አየሁ፣ አልተናገርኩም። መልሼ የነዳሁት አራት ነው። እፀገነት መንገዱን ሙሉ ከፊት ከፊቴ ሄደች። ቤት ስንደርስ፣ «አሁን ደስ አለሽ?» አለችኝ።

«አላለኝም።»

«ታዲያ ለምን?»

«እንጃ። ደክሞኛል፤ ማጭዱን ስቀዪው።»

ሰኞ ጭላዳ አፋፍ ማንም አልወጣም። ወረቀት የያዙት ወረቀታቸውን እንደያዙ ናቸው፤ ለአንድ ጭነት አንድ በግ የሚሰጥ አልተገኘም። እንዲህ እስከ መቼ እንደሚቆይ አላውቅም። ሰለሞን ለወረዳ ሪፖርት ጽፎብኛል የሚል ወሬ አለ። ለማዳበሪያ ስም ሲጠራ የኔ ስም አልተጠራም፤ ረስቶትም ሊሆን ይችላል።

የሰኔ ዝናብ በሳምንቱ ጀመረ። በተከደነው ጎን ሥር አልጋውን ልናስገባ ስንል ሁለታችንም ቆም አልን፤ የገብሱ ጎታ ከሚያፈሰው በኩል ነው ያለው። ተነታረክን። እሷ «አንቺ ወገብሽን ያምሻል፣ ከደረቁ ተኚ» ትላለች። እኔ ጎታውን ገፋሁ፤ ከባድ ነው፣ አልነቃነቅ አለኝ።

«ነይ ያዢልኝ።»

«እኛስ የት ልንተኛ?»

«ሰው ቢርስ ይደርቃል። ገብስ ከራሰ ይበቅላል።»

አጉረምርማ መጣችና በወዲያ በኩል ያዘች። ጎታውን እየጎተትን ወደ ደረቁ አስገባነው። ከዚያ ድስቶቹን አምጥታ ውኃው ከሚወርድበት ሥር አንድ በአንድ አስቀመጠች። ሦስት ድስት ነው ያለን፤ የሚያፈሰው ግን ከዚያ ይበዛል።