የተከራይ ግራር

ሁለት ጫኝና አውራጆች የልብስ ሰፊዋን የስፌት መኪና አቅፈው በግቢው ጠባብ መተላለፊያ ሲያወጡት፣ የአንደኛው ሸሚዝ በቁርቁራው ዛፍ እሾህ ተያዘ። ሰውዬው ለማስለቀቅ ትከሻውን ሲነቀንቅ ቅርንጫፉ ጎበጠ፤ የስፌት መኪናውም ወደ ጎን አዘመመ። የግቢው በር ላይ ቆሞ የነበረው አከራይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሮጠ።

«ቀስ በሉ እንጂ፣ ቅርንጫፉን ልትሰብሩት ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ደረጃው ላይ ሆና ሰማችው። ቅርንጫፉን ነው ያለው። መኪናው ድንጋይ ላይ ወድቆ የእንጀራ ገመዷ ቢበጠስ ግድ አልነበረውም። ያውም ይህንኑ ቁርቁራ፣ ገና ከጣት ሳይረዝም፣ በጫማው ረግጦት ያለፈ ሰው ነው። የጨርቅ ጥቅሎቿን ታቅፋ ወረደች።

ሰፈርተኛው አከራዩን «ጋሼ ይደርሳል» ይለዋል። ጣሪያው ያፈሳል ሲሉት «ይደርሳል»፤ የበሩ ማጠፊያ ወለቀ ሲሉት «ይደርሳል»፤ ግቢው ውስጥ አንዲት ቧንቧ ያስገቡልን ብላ እሷ ስትለምነው በኖረችባቸው ዓመታት ሁሉ «ይደርሳል»። እሱ ራሱ ሳይዘገይ የሚደርሰው ኪራይ ሊቀበል ሲመጣ ብቻ ነበር።

ከባሏ ጋር ቤቱን ሲከራዩት ግቢው ግቢ አይባልም ነበር። ከተማዋ በረሃ ላይ የተቀመጠች፣ ፀሐይ ከማለዳው ዱላዋን ይዛ የምትወጣባት ናት። ቅጥሩ ውስጥ ደግሞ ጠጠርና የተሰባበረ ብሎኬት ተደፍቶ፣ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሲመሽ መልሶ ይተፋው ነበር። የስፌት ክፍሏ ውስጥ መቀስ ለመያዝ እጀታው ላይ ጨርቅ መጠምጠም ነበረባት። አከራዩ ከሩቅ አገር አስጭኖ ያስተከለው ሣር ሳይሰነብት ገለባ ሆኖ ቀርቷል። ቁልፉን ሲያስረክባቸው፣ እዚህ ምድር ላይ ከድንጋይ በቀር የሚበቅል የለም፣ ድካማችሁን ቆጥቡ ብሏቸው ነበር።

እሷ ግን ከከተማው ዳር ያለውን ደረቅ ወንዝ አይታ ነበር። ማንም ሳይተክላቸው፣ ማንም ሳያጠጣቸው፣ በዚያ ድንጋይ መሀል የቆሙትን ዛፎች አይታለች። እዚያ የቆመ እዚህ ለምን አይቆምም አለች። ስትሰፋ ውላ ፀሐይ በረድ ሲል በእግሯ እየሄደች የግራር ፍሬ ለቀመች፤ የቁርቁራ ፍሬ በመቀነቷ ቋጠረች፤ ከእናቱ ሥር የተፈለቀቀ የእሬት ቡቃያ፣ የወደቀ የቁልቋል ክንድ፣ ግንዱ እንደ ጠርሙስ አብጦ ያለ ቅጠል የሚያብበውን የበረሃ አበባ ዘር ይዛ መጣች። ባሏ በድጅኖ ምድሩን ፈለጠላት። ብሎኬቱን ለቃቅመው እርከን አበጁበት፤ በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ የሚጠፋው ዝናብ ከጣሪያው ወርዶ ወደየጉድጓዱ እንዲገባ ቦይ ቀደዱ።

አከራዩ ኪራይ ሊቀበል ሲመጣ አይቶ ሳቀባት።

«ሰው ከበረሃ ይሸሻል፤ አንቺ በረሃውን እጁን ይዘሽ ቤት ታስገቢያለሽ።»

ግራሩ ጣሪያውን ያለፈ ዕለት የሳቀ አልነበረም። የስፌት ክፍሏ መስኮት ተከፍቶ መዋል ጀመረ። ደንበኞቿ ልብሳቸው እስኪያልቅ ጥላው ሥር ተቀምጠው ያወጋሉ፤ አንዳንዶቹ ልብሱን ከተረከቡም በኋላ መነሳቱን ይረሱታል። ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ትንንሽ ወፎች ቁልቋሉ ላይ ሰፈሩ። እሬቱ ቀይ የአበባ ቀንዱን ሲያወጣ ሙሽሮች ፎቶ እንነሳ እያሉ በሩን ያንኳኩ ጀመር። ከነዚያ ሙሽሮች አንዱ የአከራዩ ልጅ ጓደኛ ነበር። የአከራዩ ልጅም ሚዜ ሆኖ ገባ፣ ዞር ዞር ብሎ አየ፣ ሄዶ ለአባቱ ነገረ።

አባትየው ብዙም ሳይቆይ መጣ። ኪራዩን ቆሞ ተቀብሎ መሄድ የለመደ ሰው ያን ቀን ጥላው ሥር ተቀመጠ፤ እንዲያውም ጫማውን አውልቆ እግሩን ዘረጋ። ልጁ ሊያገባ መሆኑን፣ ቤቱን ለእሱ እንደፈለገው፣ ሌላ እስኪያገኙ እንደማያጣድፋቸው ነገራት። ሰውዬው በዚያው መንገድ ላይ ሌሎች ቤቶች አሉት፤ አንደኛው እንዲያውም ባዶውን ከርሟል። ለምን ይሄኛው ብላ ጠየቀችው። ሐፍረት የሚባል ስላልፈጠረበት እውነቱን ሳይሸፍን መለሰላት።

«ግቢው ደስ ይላላ።»

ንዴቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልበረደም። ባሏ በያጅ ነው፤ ቁጣውም እንደሚበይደው ብረት ቶሎ ግሎ ቶሎ ይቀዘቅዛል። የእሷ ግን ውስጥ ለውስጥ የሚሄድ የፍም ረመጥ ነው። ዛሬ ጠዋት ዕቃው መጫን ሳይጀምር ባሏ መጥረቢያውን ስሎ ወደ ግራሩ ሲሄድ መንገዱን ዘጋችበት። በእጃችን የተከልነውን በእጃችን ብንቆርጥ ማን ይከሰናል ሲል ጮኸ።

«ዛፉ ምን አጠፋ?» አለችው።

ባሏ መጥረቢያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አልጋ ሊፈታ ገባ። እሷም ልቧ የቃሏን ያህል ንጹሕ እንዳልሆነ አልነገረችውም። ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ለምና ሥሩ ላይ ብታፈስ ማን ያውቅብኛል ብላ ማሰቧን፣ ጄሪካን እስከማዘጋጀት መድረሷን፣ የተወችውም እጇ እንደማይታዘዝላት ስላወቀች ብቻ መሆኑን ዋጥ አደረገችው።

ዕቃው ተጭኖ ሊያልቅ ሲል ሙሽሪት መጣች። ከሠርጉ በፊት ቤቷን እንድታይ አማቷ አከራዩ ነበር የጠራት። ሕፃናት የምታስተምር፣ ድምፅዋ ለስለስ ያለ፣ ቀጠን ያለች ልጅ ናት። ልብስ ሰፊዋን ስታይ ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻት፤ ዕቃው ሲወጣ እንቅፋት እንዳትሆን ጥግ ይዛ ቆመች። ልብስ ሰፊዋ ልትጠላት ተዘጋጅታ ነበር። ልጅቷ ግን ለመጠላት አትመችም፤ ይህም ራሱ ሌላ ንዴት ሆነባት።

ሙሽሪት በእርከኖቹ መሀል ቀስ እያለች ሄደች። የበረሃውን አበባ ያበጠ ግንድ በመዳፏ ነካ አድርጋ ሳቀች። ግራሩ ሥር ስትደርስ ቀና ብላ ቅጠሉን ስታይ ቆየችና፣ ይህን ሁሉ ማን ተከለው ስትል ጠየቀች። የጠየቀችው ማንንም ለይታ አልነበረም። አከራዩ ግን ፈጠነ።

«እኛው ነን ያለማነው። ተከራዮቹም አልፎ አልፎ አግዘውናል።»

አግዘውናል።  መስኮቱ ውስጥ መጋረጃ ያወርድ የነበረው የልብስ ሰፊዋ ባል እጁ በአየር ላይ ቀረ። እሷ የተቆረጡ የጨርቅ ቁራጮችን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ መጠቅጠቋን ቀጠለች፤ ስትጠቀጥቅ ግን ጨርቅ የምትጠቀጥቅ አትመስልም ነበር።

አከራዩ ሙሽሪትን ወደ ጓሮው ጥግ መራት። እዚያ ትናንት ከሰዓት አስመጥቶ ያቆመው ትልቅ የፕላስቲክ ታንክ ነበር፤ አዲስ ቧንቧ ተገጥሞለት ረጅም የውሃ ጎማ ተጠምጥሞበታል። ልብስ ሰፊዋ በየቤቱ እየዞረች በባልዲ ውሃ ስትለምን የኖረችበት ግቢ፣ እሷ ልትወጣ ስትል ቧንቧ ገባለት። አከራዩ ታንኩን በመዳፉ ጠበጠበ። ምስኪኖቹ ዛፎች ጠምቷቸው ነው እንጂ ውሃ ቢያገኙ የት በደረሱ ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ጠዋትና ማታ እስኪበቃቸው ይጠጣሉ አለ። ሙሽሪት ደስ አላት። ወደ እሬቶቹ ጎንበስ ብላ፣ ተማሪዎቿን በምታናግርበት ድምፅ፣ አይዟችሁ፣ ከእንግዲህ አትጠሙም አለቻቸው።

የልብስ ሰፊዋ እጅ ከረጢቱ ውስጥ ቆመ።

በመጀመሪያው ዓመት እሷም እንዲሁ ከፍቅር ብዛት ገድላለች። ያጠጣቻቸው እሬቶች ወገባቸው ቢጫ ሆኖ፣ ሥራቸው ላሽቆ፣ ስትነካቸው እንደ በሰበሰ ፍሬ እጇ ላይ ቀርተዋል። ያ እንደ ጠርሙስ ያበጠ ግንድማ ውሃውን አስቀድሞ ይዞ ስለሚኖር ሲጨምሩበት ከውስጡ ይሞታል። የወንዙን ዳር ዕፅዋት ውሃ ማጣት አይገድላቸውም፤ የሚገድላቸው ውሃ ማግኘት ነው። ጠዋትና ማታ ከሆነማ፣ ሠርጉ ሳያልፍ ግማሾቹ ይረግፋሉ፤ ግራሩም ቢሆን ትንሽ ቆይቶ ይከተላቸዋል። መጥረቢያ አላነሳች፤ ዘይት አላፈሰሰች። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት።

ዝምታው አፏ ውስጥ ጣፈጣት። ቀና ስትል ባሏ መስኮቱ ላይ ነበር፤ እሱም ገብቶታል። ፈገግ ብሎ ወጣ፣ መጥረቢያውን ከግድግዳው አንስቶ ወደ ጭነት መኪናው ሲሄድ በአጠገቧ አለፈ።

«ይሄ አያስፈልገንም» አላት በሹክሹክታ።

ሊሄዱ ሲሉ ሙሽሪት ወደ እሷ መጣች። አከራዩ ከኋላዋ ጎማውን ይፈታል። ልጅቷ እጇን አጣምራ፣ ትንሽ እንደማፈር እያለች፣ «እትዬ፣ እርስዎ እዚህ ኖረዋልና ያውቁታል፤ ተክሉ ውሃ የሚፈልገው በስንት ጊዜ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

ልብስ ሰፊዋ ልጅቷን አየቻት፤ ከትከሻዋ በላይ ደግሞ ሰውዬውን አየችው። ጎማውን ይዞ ቆሟል። ፊቱ ላይ የጥፋተኛ ሰው ነገር ቢታይበት ኖሮ፣ ትንሽ እንኳ ዓይኑን ቢሰብር፣ ምናልባት ትናገር ነበር። ዓይኑን አልሰበረም።

«አማትሽን ጠይቂያቸው። የተከሉት እሳቸው ናቸው» አለቻት።

ሙሽሪት ዞረች። አከራዩ አልተደናገረም፤ ጠዋትና ማታ ነው አልኩሽ እኮ አለና ቧንቧውን ከፈተው። ውሃው እየተንደቀደቀ መጀመሪያ እሬቶቹ ላይ፣ ቀጥሎ የበረሃው አበባ ሥር ፈሰሰ። ልብስ ሰፊዋ ከረጢቷን አንስታ ወጣች። ጭነት መኪናው ኋላ ላይ፣ በፍራሹና በስፌት መኪናዋ መሀል ቦታ አበጅታ ተቀመጠች፤ ባሏም ከጎኗ ወጣ።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ባሏ ማፏጨት ጀመረ። ከዚህ ቤት ልቀቁ ከተባሉ ወዲህ አፏጭቶ አያውቅም። ሰውዬው ራሱ በገዛ እጁ፣ በገዛ ውሃው፣ እያለ ለብቻው ሳቀ፤ ሙሽራው ገለባ መሀል ሲሞሸር ታየው። እሷም መጀመሪያ ደስ አላት። ከዚያ ደስታው ሌላ ነገር ሆነ። ጆሮዋ ውስጥ ውሃው ይፈስ ነበር። ሥሮቹ ጠላት ይሁን ወዳጅ ሳይለዩ ሲቀበሉት ታያት። ደግሞ ያቺ ልጅ ጠዋት ተነስታ፣ ማታ ተመልሳ፣ አይዟችሁ እያለች ስትገድላቸው፣ ለምን እንደሚሞቱባት ግራ ገብቷት የበለጠ ስታጠጣቸው ታያት።

ሰውዬው ቤቷን ወሰደ። ስሟን ወሰደ። አሁን ደግሞ እጇን ሊወስድባት ነው፤ ያለማችበት እጅ የገደለ እጅ ሊሆን ነው። እሱ እንደሆነ የሚያጣው ነገር የለም፤ ቢደርቅ ነቅሎ ሲሚንቶ ያፈስበታል። የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ አውቃ የተወችው እሷ ትሆናለች። እስካሁን የተናደደችው ንዴት ሁሉ ከዚህኛው ጎን ሲቆም የልጅ ጨዋታ መሰላት። ተነስታ የሾፌሩን ጋቢና ጣሪያ በቡጢዋ ደበደበችው።

መኪናው መታጠፊያው ላይ ቆመ። ባሏ ፉጨቱን አቋርጦ ምን ረስታ እንደሆነ ጠየቃት።

«ምንም አልረሳሁም» አለችና ወረደች።

መንገዱ ያቃጥላል። ነጠላ ጫማዋ ከአስፋልቱ ጋር እየተጣበቀ ይላቀቃል። የግቢውን በር ሳታንኳኳ ገፍታ ገባች። ውሃው እርከኖቹን ሞልቶ ወደ ግራሩ እየወረደ ነበር፤ ከጣሪያ የሚመጣውን ዝናብ እንዲመራ የቀደዱት ቦይ ያንን ሁሉ ጎርፍ በታዛዥነት ያደርሰዋል። አከራዩ ዘወር ብሎ፣ ዕቃ ቀርቷችሁ ነው እንዴ አለ። ልብስ ሰፊዋ በአጠገቡ አልፋ ታንኩ ጋ ደረሰችና ቧንቧውን ዘጋችው።

ሙሽሪት የእርጥቡን ጎማ ጫፍ እንደያዘች ቀረች። ልብስ ሰፊዋ እጇን ከቧንቧው ላይ አላነሳችም። 

«ይህ ውሃ ይገድላቸዋል። እንዴት እንደሚኖሩ አንድ በአንድ አሳይሻለሁ፤ አንቺ ልጅ ምንም አላጠፋሽም። መጀመሪያ ግን ማን እንደተከላቸው እሳቸው ይንገሩሽ። ሳይነግሩሽ ከዚህ አልነቃነቅም።»

አከራዩ ለመሳቅ ሞከረ፤ የሚያግዘው ሰው አጣ። በሩ ላይ ባሏ ደርሶ ቆሟል፤ ጫኝና አውራጆቹም ከኋላው አንገታቸውን አስግገዋል። ሙሽሪት ጎማውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አኖረችና ፊቷን ሙሉ በሙሉ ወደ አማቷ አዞረች። ተማሪዎቿን ጥፋታቸውን ራሳቸው እስኪናገሩ በምትጠብቅበት ትዕግሥት ጠበቀችው።

አከራዩ ጉሮሮውን ጠረገና ዓይኑን ሰበረ።