የአቶ ተክለ ማርያም የፉጨት አዋጅ

የአዋሽ ሸለቆ ጥጥ ስንቱን ባለመኪና ባደረገበት ዘመን፣ አዋሽ ጣቢያ ባቡር በቆመ ቁጥር አገር ምድሩን ምሳ የማበላው እኔ ነበርኩ። ሌሎች አሳላፊዎችም ነበሩ፤ ነበሩ ለማለት ያህል። እኔ በአንድ እጄ ሠላሳ ሳህን ተሸክሜ በሌላው ዝንብ አባርራለሁ።

የምግብ ቤቱ ጌታ አቶ ተክለ ማርያም ለእኛ የሚሰጡን የከረመ እንጀራ በበርበሬ ውሃ ነው። ጥብሱን የምንበላው በአፍንጫችን ብቻ። አንድ ቀን ከአንድ የእርሻ ሹም ሳህን ላይ ጎድን ጠፋ። ድመቷ ከሁላችንም የጠገበች ስለነበረች ነፃ ወጣች። አቶ ተክለ ማርያም አዋጅ አወጁ።

«ከወጥ ቤት እስከ ጠረጴዛ እያፏጫችሁ! የሚያፏጭ አፍ አያኝክም!»

ለእኔ ምን ገዶኝ! እኔ ሳፏጭ እዚያ ማዶ አፋር ምድር አዳይቱ ያለ ግመል ይበረግጋል። አብሮኝ የሚያሳልፈው ከድሩም «አስተግፊሩላህ፣ በጠራራ ፀሐይ ሰይጣን ልንጠራ ነው» እያለ ለመደው። መከራው አብራን የምታሳልፈው የአስረሳሽ ሆነ። ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ የሉም፤ ስትነፋ ከሰል የምታቀጣጥል ነው የምትመስለው።

«ሌባዋ ታወቀች!» አሉ አቶ ተክለ ማርያም። «ነገ የጅቡቲው ባቡር ሲመጣ ካላፏጨሽ፣ ጓዝሽን ጠቅልለሽ በዚያው ባቡር!»

ማደሪያዋም እዚያው ጓዳ ነው፤ ሌላ መግቢያ የላትም። ከሰዓቱን ሙሉ አስተማርኳት። በእኔ ትምህርት ድንጋይም ያፏጫል፤ እሷ ግን ፊቴን በምራቅ አጠበችው።

«ተወኝ አንተ ስዩም፣ ሴት ልጅ ስታፏጭ የት አይተሃል? የማውቀውን አደርጋለሁ።»

በማግስቱ ባቡሩ ደረሰ፤ ቤቱ ጢም አለ። አቶ ተክለ ማርያም ጆሯቸውን አቁመው በሩ ላይ ቆሙ። አስረሳሽ ጥብሱን ይዛ ከወጥ ቤት ብቅ አለችና፦

«እልልልልልል!»

ሚሌ ድረስ ተሰማ ብል የሚያስተባብለኝ የለም። እንግዳው ሰርግ መስሎት አጨበጨበ። አንዱ ሹም ብድግ ብሎ አቶ ተክለ ማርያምን አገላብጦ ሳማቸው። «ሙሽሪት እሷ ናት? ጥሩ መርጠዋል!»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ባይሽ ማማሰያ እንደያዙ ከጓዳ ወጡ። «የማን ሰርግ ነው?»

«ዝም በይ አንቺ!» አሉ ጌታችን፣ ወደ አስረሳሽ ዞረው።

«ዝም ካልኩማ እያኘከች ነው ይሉኛል ጌታዬ! እልልልል!»

«አምኜሻለሁ! አታኝኪም! ዝም በይ በእመቤቴ!»

«እልልልልል!»

መላው ጠፋቸው። ከሳህኑ ትልቁን ሙዳ አንስተው አፏ ውስጥ ወተፉት። ሙሽራው ሙሽሪትን ሲያጎርስ ያየ እንግዳ በሆታ ጣሪያውን አነሳው። ወይዘሮ ባይሽም ማማሰያውን አነሱ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል! ይድገሟት!» አለ ከድሩ ከወዲያ ጥግ።

«ይድገሟት! ይድገሟት!» አለ ቤቱ።

አስረሳሽ ዋጠችና ለእልልታ ትንፋሿን ሳበች። አቶ ተክለ ማርያም ሁለተኛውን ሙዳ ይዘው ተንደረደሩ። «ፉጨቱ ቀርቷል! ሥራሽም ያንቺው ነው! ብቻ ይህን ዋጪ!»

እኔና ከድሩ ተያየን። ሳህኖቻችንን አስቀምጠን፣ ለእልልታ አፋችንን ከፈትን።