ጽዋው የዘለለው ቤት

ለፍኖተ ሰላም ነዋሪዎች፣ ለቡሬ ተጓዦችና በመካከል ላሉት ገጠሮች ሁሉ በታላቅ አክብሮት እንዲገለጽ የተወሰነው ጉዳይ ይህ ነው፦ የአስራ አንደኛ «ሐ» ክፍል ተማሪዎች የዓመቱን ልቦለድ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ አንብበው ጨርሰዋል። በእርግጥ የመጨረሻው ምዕራፍ ከመጽሐፉ ላይ የለም፤ ያለፈ ዓመት ተማሪ ገንጥሎ ቆሎ ቋጥሮበታል ይባላል። ቢሆንም መምህራቸው ይታገሱ በቃሉ ነገራቸውና ተጨረሰ ተባለ።

ልቦለዱ ስለ አንድ ድሀ ጀልባ ቀዛፊ ነው። ሰውየው ድንገት ሀብት ይወድቅለታል። ሀብቱ በገባ ሰሞን አጥሩን ያስረዝማል፣ ሰላምታውን ያሳጥራል፤ በመጨረሻም ከውስጥ በቆለፈው ቤት ብቻውን ይሞታል። ይታገሱ ይህን ሰው ከማስተማሩ ብዛት አንዳንዴ ገበያ ላይ ያየው ይመስለዋል። ሰሌዳው ላይ «ስግብግብነት» ብሎ ይጽፍና ከሥሩ ደጋግሞ ያሰምርበታል፤ ጠመኔው የሚሰበረው ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው።

በዚያ ቀን ግን ሳምሪ የምትባል፣ ከኋላ ወንበር ማስቲካ የምታኝክ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ድሀ ሳለ ጎረቤቶቹ እንዴት ነበር የያዙት? መጽሐፉ እሱን አይልም እኮ።»

ይታገሱ ይሄ ፈተና ላይ እንደማይመጣ ነገራት። ክፍሉ ሳቀ፤ እሷም ወደ ማስቲካዋ ተመለሰች።

የሱ ሐሳብ በዚያ ሳምንት ሌላ ቦታ ነበር። ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለው የትውልድ መንደሩ፣ አባቱ ያቋቋሙት የሚካኤል ማኅበር ሊፈርስ ደርሷል። በየወሩ በአስራ ሁለት ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ የተረከበው ሰው በወሩ ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ ደፍቶ ማኅበርተኛውን ያበላል። የማዳበሪያው ዋጋ፣ የመንገዱ መዘጋትና መከፈት ተደማምሮ ግን ሰው እጁን ከጽዋው መሰብሰብ ጀመረ። አሁን ጽዋው በይታገሱ እናት፣ በእማማ አስካለ ማርያም ጓዳ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ተረካቢ ካጣ ለቤተ ክርስቲያን ይመለሳል፤ ማኅበሩም ያኔ አበቃ። እናቱ አልጋ ላይ ከዋሉ ከርመዋል፤ የሚለምኑትም አንድ ነገር ነው፤ የአባትህ ጽዋ እኔ ሳልሞት እንዳይመለስ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ ይታገሱ ራሱ ነው። አይመለስም ብሎ ቃል ገባላቸው።

ቃሉን የገባው አያ ንብረትን ተማምኖ ነው። አያ ንብረት ከመንደሩ ድሆች ሁሉ የባሱት ድሀ ነበሩ። ቡሬ መግቢያ ላይ በሚስታቸው ወገን የደረሰቻቸው፣ እንኳን በርበሬ አረም የማታበቅል ጭንጫ መሬት ነበረቻቸው። ያችው ጭንጫ ለመጋዘን ተፈለገችና ካሳ ተከፈላቸው። አይሱዙ ገዙ፤ ቤታቸውን ቆርቆሮ አለበሱ። ድሮ ስማቸውን ያለ «አያ» ይጠራ የነበረው ሁሉ ከሩቅ ባርኔጣውን ያወልቅላቸው ጀመር። ማኅበሩም ተራቸውን ሳይጠብቅ ጽዋውን ላከባቸው። አልተቀበሉም። ደግሞ ላከ፤ አሁንም አልተቀበሉም። ባርኔጣው ወደ ራስ ተመለሰ፤ መንደሩም ይታገሱ ሰሌዳው ላይ የሚጽፈውን ቃል ማውራት ጀመረ።

መንገዱ በተከፈተ ቅዳሜ ይታገሱና የማኅበሩ ካህን ቄስ ቂርቆስ ጽዋውን ይዘው ከመንደሩ ዳር ወዳለው የአያ ንብረት ቤት በባጃጅ ሄዱ። ይታገሱ መንገዱን ሙሉ የሚናገረውን ሲለማመድ ነበር።

የአያ ንብረት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ይህ ከልቦለዱ ጋር ስላልገጠመለት ትንሽ ቅር አለው። አያ ንብረት ያንኑ የድሮ ጋቢያቸውን ለብሰው ግቢው ውስጥ በርበሬ ያሰጣሉ። ተነሥተው መስቀል ተሳለሙ፣ ይታገሱን ጉንጩን ሳሙት፣ የእናቱን ጤና ጠየቁ። ሚስታቸው እትዬ በለጠች ምሳ አቀረቡ፤ ዶሮ ነበር።

ከተበላ በኋላ ይታገሱ ነገሩን ከሩቅ ጀመረ። ሀብት የእግዜር አደራ መሆኑን፣ ብቻውን የበላ ሰው መጨረሻው እንደማያምር ተናገረ፤ የጀልባ ቀዛፊውንም ታሪክ አንድ በአንድ ተረከ። አያ ንብረት በጥሞና ሰሙት። ሰውየው መሞቱ ሲነገራቸው «ነፍስ ይማር» አሉ። ቄስ ቂርቆስም አሜን አሉ።

ያኔ ጨርቁን ገለጠ። «አያ ንብረት፣ ለእናቴ ሲሉ ይቀበሉን።»

አያ ንብረት ጽዋውን አዩት። እጃቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አላወጡም። «ለእናትህ ማር እልካለሁ። ሐኪም ቤትም ካስፈለገ መኪናዋ አለች። ጽዋውን ግን መልሰው።»

ቄስ ቂርቆስ ምክንያቱን ጠየቁ። እትዬ በለጠች ሳህን እያነሡ ነበር። ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«አባ፣ ያን ዓመት ጠላው ተጠምቆ ነበር።»

ይታገሱ ወዲያው ገባው። ገና ከዩኒቨርሲቲ የተመለሰ ሰሞን ነው። ማኅበሩ ፊት ቆሞ፣ ድሀን ማስደገስ ጽድቅ አይደለም ብሎ፣ የአያ ንብረትን ተራ ያዘለለው እሱ ነበር። ሽማግሌዎቹ የተማረ ልጅ እንዲህ ነው ብለው መረቁት፤ ጽዋውም በአያ ንብረት ራስ ላይ አልፎ ለአንድ ነጋዴ ተሰጠ። አያ ንብረት ለድግሱ በግ ሸጠው ጌሾና ብቅል ገዝተው እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ይታገሱ ያችን ቀን እስካሁን ከደግ ሥራዎቹ ጋር ነበር የሚያስቀምጣት።

«የመጣ ሰው የለም» አሉ እትዬ በለጠች። «እኔና እሱ ብቻችንን ጠጣነው። ሲሆመጥጥም ጠጣነው። በዓመቱም አለፋችሁን፣ ከዚያም ወዲያ አለፋችሁን። እሱ በማኅበሩ ቀን የሰው እየበላ የማያበላ ሆኖ ከበር ሥር ይቀመጥ ነበር። አሁን የተጠራችው እኮ አይሱዙዋ ናት።»

«በቃሽ በለጠች፤ እንግዳ ናቸው» አሉ አያ ንብረት።

ይታገሱ ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ። የመጣለት ግን ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ መልሶ ዘጋው። አያ ንብረት እስከ አስፋልቱ ሸኟቸው፤ የባጃጁንም እሳቸው ከፈሉ።

ጽዋው በሳምንቱ ለቤተ ክርስቲያን ተመለሰ። እማማ አስካለ ማርያም የጓዳውን መጋረጃ አስገልጠው ባዶውን ቦታ አዩና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ማሩ በዚያው ቀን መጣ፤ አልቀመሱትም። መንደሩ በአያ ንብረት ስግብግብነት ላይ አንድ ምዕራፍ ጨመረ። ይታገሱ ለእናቱም፣ ለጠየቀው ሁሉም፣ ሰውየው እምቢ አለ ብሎ ብቻ ነገረ። ውሸት አልነበረም።

ሰኞ ለፈተና መዘጋጃ የሚሆኑ ጥያቄዎችን ሰሌዳው ላይ ጻፈ። «ባለታሪኩ ብቻውን እንዲቀር ያደረገው ምንድን ነው?» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ትንሽ አየውና በመዳፉ አጠፋው።

ሳምሪ ከኋላ ተነሣች። «ቲቸር፣ እሱን ለምን አጠፉት? መልሱን ሸምድጄዋለሁ እኮ፤ ስግብግብነት።»

«ከፈተና ወጥቷል።»

«በየዓመቱ ይመጣል ብለውን አልነበር? ምን ተገኘ?»

ይታገሱ የጠመኔውን ብናኝ ከመዳፉ አራገፈ።

«አላብራራም» አለ።