ባለ ሁለት ወንበሯ ሠረገላና የሐምሌ ገብርኤል ስለት

አንባቢ ሆይ፥ የሰውን ጠባይ አጥብቆ ለመረመረ ሁሉ ከሚያስደንቁት ምሥጢራት አንዱ ይህ ነው፤ የሰው ልብ የተሠራው የማይጠፋውን ሊወድ ሆኖ ሳለ፥ አብዛኛውን ዘመኑን የሚፈጀው የሚዝገውን በመውደድ ነው። ይሁን እንጂ ይህን ፍቅር ፈጥኖ የሚንቅ ሰው ጠቢብ የሆነ አይምሰለው፤ ብረት የሚወድ ሰው ብዙ ጊዜ ከብረቱ ጀርባ የሸሸገው፥ ለማንም ሊነግረው ያፈረበት ሌላ ናፍቆት አለውና። እኔም በዚህ ታሪክ ባለቤት ብዙ ዘመን ስሥቅበት ኖሬ፥ ነገሩን ከሥሩ በተረዳሁ ጊዜ ሣቄን ዋጥሁ።

የምድር ባቡር ፉጨት ለድሬዳዋ ከተማ ሰዓትም ደወልም በነበረበት በዚያ ዘመን፥ አቶ አምዴ ወልደ ጻድቅ የሚባል፥ በባቡሩ ማደሻ ቤት የመካኒኮች አለቃ የሆነ፥ በእጁ ብልሃት የተመሰገነ፥ በልብሱ ንጽሕና የታወቀ፥ በአነጋገሩ ግን ጥቂት ኩራት የተቀላቀለበት ሰው ይኖር ነበር። ይህ ሰው ወደ አገሩ ከሚመለስ ከአንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ የገዛት ሠረገላ ነበረችው፤ እርስዋም መልኳ እንደ በሰለ በርበሬ የቀላ፥ ቁመቷ ከጎልማሳ ወገብ የማያልፍ፥ ጣሪያዋ ሸራ፥ ወንበሯ ሁለት፥ ሞተሯ በተነሣ ጊዜ የቀፊራ ገበያ ሴቶች ሚዛናቸውን በእጃቸው እንደ ያዙ ዘወር ብለው የሚያዩአት፥ በዚያ አገር አምሳያ ያልተገኘላት መኪና ነበረች። የቀደሙት መኳንንት በፈረሳቸው ስም አባ እገሌ እየተባሉ እንደሚጠሩ፥ የከተማው ሰውም አቶ አምዴን ግማሹ ለክብር፥ ግማሹ ለሹፈት፥ አባ ነበልባል አለው። እርሱም ሹፈቱን ትቶ ክብሩን ብቻ ተቀበለ።

ነገር ግን ይህች ሠረገላ ለአቶ አምዴ ከመኪናነት የበለጠች ነበረች። ከወይዘሮ ወለላ ጋር ከተጋቡ ዘጠኝ ዓመት ሲሆን ቤታቸው የልጅ ድምፅ አልሰማም፤ ጠበሉም፥ ሐኪሙም፥ ሱባኤውም ለጊዜው መልስ አላመጣም። በየሰርጉና በየክርስትናው ቤት «ምነው፥ እናንተስ መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከወጡ ጋር አብሮ ይቀርብላቸው ነበር። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት መኪና ከተገዛች ወዲህ ግን አቶ አምዴ ለጠየቀው ሁሉ «ሦስተኛውን የት ላስቀምጠው ብለህ ነው!» እያለ ይመልስ ጀመር፤ ሰውም ይሥቃል፥ ነገሩም በዚያው ያልፋል። እንዲህ አድርጋ ሠረገላይቱ ሐዘኑን ምርጫ አስመሰለችለት፥ ጉድለቱንም ጌጥ አለበሰችለት። ማታ ማታ ሸራውን አጥፈው በነፋሱ ውስጥ ሲያልፉ ያየ ሁሉ ደስታቸውን እንጂ ባዶ ቤታቸውን አያይም ነበር። ስለዚህ ይወዳት ነበር፤ እኔም በዚህ አልፈርድበትም።

በዐሥረኛው ዓመት ወይዘሮ ወለላ ወደ ቍልቢ ወጥታ በመልአኩ ደጅ ተንበርክካ «ልጅ ብታሰጠኝ፥ በበዓልህ ቀን ከዚሁ ከደጅህ አስጠምቃለሁ» ብላ ተሳለች። ዓመቱም ሳይዞር፥ በሚያዝያ በዓለ ወልድ ዕለት ሴት ልጅ ተወለደች፤ የሴት ልጅ ክርስትና የሚሆንበት ሰማንያው ቀንም ሳያዛንፍ በሐምሌ ዐሥራ ዘጠኝ፥ በራሱ በገብርኤል በዓል ዋለ። እናቲቱ አንድ ጊዜ በጣቷ፥ አንድ ጊዜ በመቍጠሪያዋ፥ አንድ ጊዜም ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቍጠሪያ ቈጠረች፤ ሦስቱም አንድ ሆነው ባገኘቻቸው ጊዜ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ይህን ስጽፍ እኔንም ሰውነቴን ይወርረኛል።

በዋዜማው ከቀትር በኋላ ጎረቤታቸው ሐጂ ሙሜ ወደ ደጃፋቸው መጡ። እኒህ ሰው በሽንኩርት ንግድ ስምንት ልጆች አሳድገው የዳሩ፥ አመድማ ቀለም ያላት፥ ከፍ ያለች፥ ዐሥራ ሁለት ሰው የምታስቀምጥ አሮጌ መኪና ያላቸው፥ ራሳቸው እስላም ሲሆኑ በየዓመቱ የቍልቢን ተሳላሚዎች ያለ ዋጋ የሚያደርሱ የሐረር ሽማግሌ ነበሩ። በድሬዳዋ ልማድ ታላቅና ታናሽ አንተ ይባባላልና፥ «አቦ አምዴ» አሉት፤ «ነገ ሁላችሁም ከኔ ጋር ውጡ፤ እናትም፥ ልጅም፥ ክርስትና እናትም። ቦታ በሽ ነው።» አቶ አምዴም «እግዜር ይስጥልኝ ሐጂ፤ ነገር ግን ይህን ያህል ዘመን የተጠበቀች ልጅ ሽንኩርት በሚሸት መኪና ወደ ስለቷ አትሄድም። የኔዋ ሁለት ጊዜ ተመላልሳ፥ ያንተዋ ዳገቱን ሳትጨርስ ሁላቸውንም ታደርሳለች» ሲል መለሰ። ሐጂ ሙሜ ቅር ሳይላቸው «ይሁን አቦ» ብለው ሄዱ። ዋናው ስሕተት የተሠራው በዚህች ቅጽበት ነው።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ፥ ተራ ሕፃን ላልያዘ አይሰጥምና፥ አራሷም በሰልፍ ቆማ እንዳትደክም፥ ተራ ለመያዝ ይቀድሙ ዘንድ አቶ አምዴ ክርስትና እናቲቱን ወይዘሮ አስካለን ሕፃኒቱን አሳቅፎ በቀኙ አስቀመጠ። ወይዘሮ ወለላ በበሩ ቆማ «አራስ ብቻዋን አትቀርም፤ ሕፃንም ከጡት አትርቅም፤ እናቶቻችን ይህን በከንቱ አላሉትም» አለችው። እርሱም «ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ደርሼልሻለሁ» አላት። የምድር ባቡር ሰው ነውና ርቀቱን ለፍጥነቱ አካፍሎ ነበር፤ የተገኘውም ቍጥር ትክክል ነበር፤ የሕፃን ረኀብንና የሐምሌን ሰማይ ግን በስሌቱ ውስጥ አላገባቸውም። እናቲቱ ልጇን አጥብታ፥ ግንባሯን ስማ፥ በበሩ ቀረች።

ቀይዋ ሠረገላ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት እንደ ጨዋታ ወጣችው። በስለታቸው ድንጋይ የተሸከሙ፥ በባዶ እግራቸው የሚጓዙ ተሳላሚዎች የጥሩምባዋን ድምፅ ሲሰሙ ወደ ዳር ይሉ ነበር፤ አቶ አምዴም ፊታቸውን ሳያይ አለፋቸው። አስካለንና ሕፃኒቱን ከቍልቢ ቅጥር ግቢ አውርዶ፥ ሰዓቱን አይቶ፥ ፈገግ ብሎ ተመለሰ። ነገር ግን ዳገቱን ወርዶ ከግርጌው ወዳለው የአሸዋ ሸለቆ፥ በማለዳ በደረቅ ጎማ ወደ ተሻገረው ስፍራ በደረሰ ጊዜ፥ በቆላው ሰማይ ላይ አንዲት ደመና ሳትታይ፥ በደጋው የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ወርዶ፥ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ፥ ምድሪቱን ከሁለት ከፍሏት አገኘ። ያን ጊዜ አቶ አምዴ የሠራውን ሥራ በዓይኑ አየው፤ ልጁ በስተኋላው በተራራው ላይ፥ የልጁ ምግብ በስተፊቱ ከውኃው ማዶ፥ እርሱም በመካከል ከአንድ ባዶ ወንበር ጋር ቆሞ ነበር። 

ከውኃ ከመግባት በፊት የሞተሩን ማራገቢያ ቀበቶ ማላላት እንደሚገባ፥ ያለዚያ ማራገቢያው ውኃውን በሞተሩ ላይ እየረጨ እንደሚያጠፋው ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ ለስንቱ ሠራተኛ አስተምሮታል። ነገር ግን የልጁ ልቅሶ በጆሮው የተሰማው መሰለውና፥ እውቀቱን ሁሉ ረስቶ መሪውን ጨብጦ ገባ። ሠረገላይቱ ዐሥር ክንድ ሳትሄድ ትንፋሿ ተቋረጠ፤ ውኃውም በዝቅተኛው በሯ ላይ ተሻግሮ እቅፉ ውስጥ ተቀመጠ። በዳር የነበሩ ገበሬዎች ገመድ ወርውረው፥ እየጮኹም እየተሳደቡም፥ እርሱንም እርሷንም ጎትተው አወጡ። ከዚያ በኋላ ከውኃው ዳር ቆሞ፥ ሱሪው ከገላው ተጣብቆ፥ የሚያደርገውን አጣ።

ብዙም ሳይቆይ በወዲያኛው ዳር አመድማይቱ መኪና ዐሥራ አንድ ሰው ይዛ ብቅ አለች። ሐጂ ሙሜ ስምንት ልጅ ያሳደጉ አባት ናቸውና፥ ከመነሣታቸው በፊት «የቀረ ሰው አለ?» እያሉ በየጎረቤቱ በር የማንኳኳት ልማድ ነበራቸው፤ በዚያ ማለዳም የአባ ነበልባልን በር አንኳኩተው ወይዘሮ ወለላን ብቻዋን ስላገኟት አሳፈሯት። እንግዲህ ሽማግሌው ምን እንዳደረጉ ስማ፤ አልቸኰሉም። ከውኃው ዳር በትር ተክለው ምልክት አበጁ፤ ውኃው ከምልክቱ ሁለት ጣት እስኪወርድ ተቀምጠው ጠበቁ፤ ቀበቶውን ፈቱ፥ ሞተሩን በጆንያ ጋረዱ፤ ሁለት ረጃጅም ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው በፊት እየሄዱ ጥልቀቱን በእግራቸው ይለኩ ዘንድ አዘዙ። ከዚያም «ቢስሚላህ» ብለው ገቡ። በመኪናይቱ ውስጥ ያሉት «እግዚኦ» እያሉ፥ ከፊት የሚሄዱት ሁለቱ እስከ ወገባቸው በውኃው እየተጋፉ፥ ያቺ አሮጌ፥ ያቺ የተናቀች፥ ያቺ ሽንኩርት የምትሸት መኪና በእርሻ ላይ እንዳለ በሬ አንገቷን ደፍታ፥ አንድ ጊዜ ሳትቆም፥ አንድ ጊዜ ሳትፈጥን፥ ማዕበሉን ከፍላ ስትመጣ አቶ አምዴ አየ። ሃያ ዓመት ከሞተር ጋር ኖሮ፥ የመኪናን ግርማ ገና በዚያ ቀን አየው። ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ፤ ለምን እንዳወለቀውም አላወቀም።

መኪናይቱ በፊቱ ስትቆም ወይዘሮ ወለላ በመስኮቱ ታየች፤ ደረትዋ ላይ ነጩ ቀሚሷ በወተት ርሷል። ተግሣጽ ሲጠብቅ፥ ወቀሳ ሲጠብቅ፥ እርስዋ ያለችው ይህን ብቻ ነበር፤ «ግባ፥ ቦታ አለ።» የሚወዳትን ሠረገላ ከመንገድ ዳር ትቶ ገባ፤ በሁለት ባልቴቶች መካከል በሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀመጠ፤ አንዲቱም ስሙን ሳትጠይቅ በነጠላዋ ጫፍ ራሱን አደረቀችው። ዳገቱን በእርጋታ ሲወጡ፥ በማለዳ በጥሩምባ የገፋቸውን ተሳላሚዎች አንድ በአንድ ደረሱባቸው፤ አሁን ፊታቸውን አየ፤ እነርሱም በሩጫው የቀደማቸውን ሰው ሳያስታውሱ «እንኳን አደረሳችሁ» እያሉ እጃቸውን ያነሡለት ነበር። ፊቱን ወደ መስኮቱ መልሶ አለቀሰ።

በቍልቢ ግን ወይዘሮ አስካለ ተራዋ አራት ጊዜ ደርሶ አራት ጊዜ ለሌላ አሳልፋ ነበር፤ «ስለቱ የእናቲቱ ነው፤ የተሳለችው ሳትኖር አላስጠምቅም» እያለች፥ በልቅሶ ድምፅዋ የሰለለባትን ሕፃን እያባበለች፥ ከመጨረሻው መስመር ጥግ ቆማ ነበር። ካህናቱ የመጨረሻዎቹን ሕፃናት ሲያጠምቁ፥ ዐሥራ ሁለት ሰው በአንድነት እየሮጠ፥ ባልቴቶቹ ነጠላቸውን እያዘናፈሉ፥ ሐጂ ሙሜም ከቅጥሩ በር ቆመው «እለፉ! አራስ ናት፥ አሳልፏት!» እያሉ ሕዝቡን እየከፈሉ፥ እናቲቱን ወደ ልጇ አደረሷት። ሕፃኒቱ የእናቷን ድምፅ በሰማች ጊዜ ዝም አለች፤ ወለተ ገብርኤል ተብላም ተጠመቀች፥ ቈረበች። ከዚያም ወይዘሮ ወለላ በአንድ ዋርካ ሥር ተቀምጣ ስታጠባት፥ ያ ሁሉ ሰው፥ ዝምድና የሌለው፥ ስሙን እንኳ የማያውቁት ሰው፥ ነጠላውን ዘርግቶ በዙሪያዋ ጥላ ሆነላት። አቶ አምዴ ከጥላው ውጭ ቆሞ ቈጠራቸው፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባዶ ነው ብሎ ባፈረበት ቤት ደጃፍ ሐጂ ከየጎረቤቱ በር የለቀሟቸው እነዚህ ሰዎች ሁሉ እንደነበሩ ያን ጊዜ ገባው።

ከሳምንት በኋላ ሠረገላይቱን አድርቆ፥ ሞተሯን አድሶ፥ ቀለሟን እስኪያበራ ወልውሎ ወደ ሐጂ ሙሜ በር አመጣት። «ሐጂ፥ እንለዋወጥ» አላቸው። ሽማግሌው ሠረገላይቱን ዞረው አዩአት። «አቦ፥ ትቀልዳለህ? ይቺ የዋዛ መኪና አይደለችም። የኔዋ ከሷ ጋር አትመዛዘንም» አሉ። «ያንተዋን በዚያ ቀን በውኃው ሚዛን ላይ አይቻታለሁ፤ ሐጂ፥ እሺ በለኝ» አለ አቶ አምዴ። ያን ጊዜ ሐጂ ሙሜ ወደ ቤታቸው ውስጥ ዞረው ተመለከቱ፤ ሚስታቸው ሐሊማ ስምንቱም ልጆች በሄዱበት ሰፊ ግቢ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከኋላዬ ልጅ ሲጮህ ነዳሁ» አሉ፤ «ሐሊማ ከጎኔ ተቀምጣ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ከኋላ፥ ከልጆቹ ጋር ነበረች። አሁን ሁለት ቀረን። አቦ፥ ሁለት ወንበር እኮ ለኛ ነው የተሠራው!»

ሽማግሌው ሸራውን አጥፈው፥ ሐሊማን በቀኛቸው አስቀምጠው ሲወጡ፥ አሮጊቲቱ ሻሿን በሁለት እጇ ይዛ፥ ነፋሱ ሊነጥቃት ሲታገል እንደ ልጃገረድ እየሣቀች ስታልፍ፥ አቶ አምዴ የሞተሩን ድምፅ ከመንገዱ ማዶ እስኪጠፋ ሰማው። ልቡ አዘነ፤ አላዘነም ብዬ አልዋሽህም። ከዚያ ግን ወይዘሮ ወለላ ልጇን ታቅፋ ወጣች፥ አስካለም መጣች፥ ጠዋት ወደ ገበያ የሚሄዱ ሁለት ጎረቤቶችም «ታደርሰናለህ?» አሉ፤ እርሱም ሁሉንም በአመድማይቱ አሳፍሮ፥ መሪውን ከመጨበጡ በፊት ደጅ ለደጅ «የቀረ ሰው አለ?» እያለ አንኳኳ። ከአንድ ቤት የወጡ ሰዎች ደረሱ የሚባለው የመጀመሪያው ሲደርስ አይደለምና፥ በዚህ ዓለም መንገድ ላይ የሰው ልጅ ፍጥነት የሚለካው በመጨረሻ በገባው ሰው ሰዓት ነው።